እርጥብ ትዝታ

የሐጂ ከማሉዲን የለቅሶ ድንኳን ገና ሳይነሣ፣ የእህታቸው ልጅ ነዋል በጥቅምት ዝናብ ብቻዋን ወደ ፖሊስ ጣቢያ መጣችና በሩ ላይ ለቆመው ፖሊስ «እሰሩኝ» አለችው። ፖሊሱ የምትቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር። ዓይኗን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠና ወደ ኢንስፔክተር ሲራክ ክፍል መራት።

ሲራክ ጡረታው የደረሰ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጉልበቱ የሚወቅሰው ሰው ነው። የኢዲዶ ቡና ገበሬ ልጅ ነው፤ ትምህርቱን ከመሃል ጥሎ ፖሊስ ሆነ፤ የቀረውን ከሰው አፍ ተማረ። ባልደረቦቹ «ሲራክ አይመረምርም፣ ያናዝዛል» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ግን ዝም ብሎ የሚሰማው ብልሃት አስቦ ሳይሆን፣ ሰውን አቋርጦ ለመናገር የሚሆን ጉልበት ስላልተረፈው ነበር። ደግሞም ሰው ሲናገር ከላይ ሆኖ የሚሰማ ሌላ አለ ብሎ ያምናል፤ በዚያ ፊት መቸኮል ያሳፍረዋል።

«አጎቴን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች ነዋል፣ ገና ሳትቀመጥ።

«መጀመሪያ ተቀመጪ። በልተሻል?»

«አልፈልግም።»

«ትፈልጊያለሽ ወይ አላልኩም፤ በልተሻል ወይ ነው ያልኩት።»

አልበላችም። ሻይና ዳቦ አስመጣላት። ዳቦውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሳትቆርሰው፣ መናገር ጀመረች።

የነገሩን መነሻ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ሐጂ ከማሉዲን ከመሃል አገር መጥተው ዲላ ላይ በሱቅና በጭነት መኪና የተከበሩ ሰው ነበሩ። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን መርሳት ያዛቸው። ቁርስ በልተው እጃቸው ሳይደርቅ «ዛሬ ቁርስ የለም እንዴ?» ይላሉ፤ የመጀመሪያ መኪናቸውን ታርጋ ግን ከእንቅልፋቸው ቢቀሰቅሷቸው እንኳ ይጠሩታል። ስኳርም ነበረባቸው። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን የምትወጋቸው፣ ሌሊት ሲባንኑ አብራ የምትባንነው ነዋል ነበረች። ባለፈው ሳምንት ከምሳ በኋላ ራሳቸውን ስተው ተገኙ፤ ሆስፒታል ደርሰው ሳይመሽ አረፉ። ደማቸውን የለካችው ሐኪም ስኳሩን እጅግ ወርዶ ስላገኘችው ለፖሊስ አሳውቃ ነበር።

«የዚያን ቀን ንገሪኝ፤ ከምሳ ጀምረሽ።»

«ምሳ ላይ አጎቴ ኡስማን ከጨለለቅቱ መጥቶ ነበር፤ የሐጂ ታናሽ ወንድም ነው። እሱም ስኳር አለበት። አዲስ ብልቃጥ ይዞ መጥቶ ከፍቼ ወጋሁት። የሁለቱም ሐኪም እኔ ነኝ።» ፈገግ ልትል ሞክራ ተወችው። «ከበላን በኋላ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተኛሁ። ከዚያ ተነሣሁ። ማድ ቤት ገባሁ። ፍሪጁን ስከፍት መብራቱ ፊቴ ላይ በራ። የሐጂ ብልቃጥ በሩ ላይ ነው፣ ከወተቱ ጎን። በመርፌ ሞላሁና ክንዳቸው ላይ ወጋኋቸው። ተመልሼ ተኛሁ። ጠዋት መውጋቴን ረስቼ…»

«እሳቸው ምንም አላሉም?»

«መርፌ ካዩ እጅጌያቸውን ይጠቀልላሉ። ስሜን ሲረሱ እንኳ እሱን አይረሱም ነበር።»

«ይኼን ሁሉ የዚያኑ ቀን ታስታውሺው ነበር?»

«የዚያን ቀን እንቅልፉን ብቻ ነበር የማስታውሰው። ኋላ ነው ቀስ በቀስ የመጣልኝ። አሁን ግን እንደዚህ ጠረጴዛ ይታየኛል።»

«ብቻሽን ነው የመጣልሽ?»

ዳቦውን በእጇ አገላበጠችው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆየ። ሲራክ አልቸኮለም።

«በእንቅልፍ ልቤ ስነሣ ያየኝ ሰው አለ» አለች በመጨረሻ። «ለማንም አልናገርም ብሎ ሊሸፍንልኝ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ደግ አድርጎልኝ አላሳስረውም። እኔ ግን መሸፈኑን አልቻልኩም። አላህ አይቶኛል።»

የጣቢያው አዛዥ ኮማንደር ወንድይፍራው በዕድሜ ከሲራክ ያነሰ፣ ጠረጴዛው ላይ ፋይል ሲከመር የሚጨንቀው ሰው ነበር።

«ጋሽ ሲራክ፣ ራሷ አመነች እኮ! ሰኞ ፍርድ ቤት ትቅረብ። ሌላ ምን ቀረ?»

«ያመነችው የሠራችውን ነው ወይስ የነገሯትን?»

«እሱን ዳኛው ይለየው።»

«ዳኛው የሚለየው እኛ ያቀረብንለትን ነው። እስከ ሰኞ ስጠኝ። ይቺ ልጅ ብትፈታም ባትፈታም ነፍስ አጠፋሁ እያለች ነው የምትኖረው። እውነት ካልሆነ ማን ሊያወርድላት ነው?»

ኮማንደሩ ተነፈሰ። «እስከ ሰኞ፤ ከዚያ በኋላ ግን አልለመንም።»

የሐጂን ደም የለካችው ዶክተር ሉሲ ከአዳር ወጥታ የሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታሻሽ ሲራክ አገኛት። ሲያያት ከሱ የባሰ የደከመ ሰው በማግኘቱ ትንሽ ተጽናና።

«ዶክተር፣ ሰው ያላደረገውን ነገር ማስታወስ ይችላል?»

«በደንብ አድርጎ!» አለች፣ ወንበር እየሳበችለት። «አዲስ ነገር መጀመሪያ የሚያርፈው ከጆሮ ወደ ውስጥ ባለች ትንሽ የአንጎል ክፍል ነው። ተቀባይ ናት። ስንተኛ የተቀበለችውን እየመረጠች ለላይኛው አንጎል ታስረክባለች። እዚያ ደግሞ አንድ ላይ አይቀመጥም፤ መልኩ ሌላ ቦታ፣ ድምፁ ሌላ ቦታ፣ ሽታው ሌላ ቦታ ነው። የሐጂ ተቀባይዋ ፈርሳ ነበር፤ የድሮው መጋዘን ግን ደህና ነበር። እጅ የለመደው ነገር ደግሞ ሌላ ጋ ነው የሚቀመጠው፤ እሱም ደህና ነበር።»

«ልጅቷስ?»

«እሷ ለወራት በወጉ አልተኛችም። ያልተኛ አንጎል በደንብ አይቀበልም፤ ክፍተት ይተዋል። ማስታወስ ደግሞ የተበተነውን ሰብስቦ እንደገና መሥራት ነው። የጎደለ ካለ አንጎል ከለመደው ይሞላዋል። በተሠራ ቁጥርም ለጥቂት ጊዜ ይላላል፤ ያኔ ሰው የነገራት ነገር ገብቶ አብሮ ይቀመጣል።»

ሲራክ ወደ ግቢው ዛፎች አየ። «አባቴ እርጥብ ቡና አጠገብ ናፍጣ አያስደርስም ነበር። እርጥብ ቡና አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል። ከደረቀ በኋላ ናፍጣውን ከቡናው መለየት የለም።»

ዶክተሯ ትንሽ አሰበች። «አዎ፣ እንደዚያ ነው። ልዩነቱ፣ ይኼኛው ቡና አንዴ ደርቆ አይቀርም። ባወጡት ቁጥር እንደገና ይረጥባል።»

«አንድ መርፌ ቢደገም ይገድላቸው ነበር?»

«ምሳ በልተው ነበር እኮ። አንድ ቢደገም ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሰው ስኳር በውኃ በጥብጦ ይደርስላቸው ነበር። እንዲህ የጣላቸው ግን ብዙ ነው። እጅግ ብዙ።»

የሐጂን ግቢ በር የከፈተለት ዘበኛው ይርጉ ነበር፤ የጌዴኦ ተወላጅ፣ አማርኛው አንዳንዴ ሴቱን ወንድ የሚያደርግ፣ ጸጥተኛ ሰው። ከባዱን መዝጊያ የገፋው በግራ እጁ ነው። ቀኝ እጁ ከክርኑ አይዘረጋም፤ ቀኝ ትከሻውም ዘቅዝቋል።

የሐጂ ባለቤት ወይዘሮ ሱራያ ሲራክን ከለቀስተኛው ለይታ ወደ ጓዳ ወሰደችው።

«ምን ልትጠይቀኝ እንደመጣህ አውቃለሁ» አለችው። «ጎረቤቱ ሁሉ ‘ሱራያ ተገላገለች’ እያለ ያማል። እኔም ብዬዋለሁ፤ አንድ ሌሊት ‘ያ ረቢ ገላግለን’ ብያለሁ። ሚስትነቴን ረስቶ ‘አንቺ ሴትዮ ከቤቴ ውጪልኝ’ ባለኝ ሌሊት። ይኼ ያሳስራል?»

«ይኼማ ቢያሳስር ከኛ ማን ይተርፋል?» አለ ሲራክ። «መድኃኒቱ የት ነበር የሚቀመጠው?»

«ፍሪጅ ነበራ። ያን ሳምንት ግን የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ መብራት አልነበረም፤ የመጣው የቀብሩ ዕለት ማታ ነው። ሥጋው ሲበላሽብኝ ፍሪጁን ባዶ አድርጌ አጠብኩና በሩን በበርጩማ ደግፌ ከፍቼ ተውኩት። መብራት ሲጠፋ መድኃኒቱን ይርጉ ነው የሚይዝልን፤ በማሰሮ፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ፣ በእንሰት ቅጠል ሸፍኖ። ከፍሪጁ ይሻላል፣ ወላሂ።»

«ይኼን ማን ያውቃል?»

«የቤቱ ሰው።»

«እንግዳስ?»

«እንግዳ ማድ ቤት ምን አገባው? በኛ ቤት ወንድ ማድ ቤት አይረግጥም። ይርጉ እንኳ ማሰሮውን በጓሮ በር ነው የሚያቀብለን።»

ብልቃጡን እንድታሳየው ጠየቃት። አመጣችው፤ መድኃኒቱ እስከ አንገቱ ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

«ያን ቀን ጠዋት ነው ነዋል የከፈተችው» አለች ሱራያ። «የተነካው ሁለቴ ብቻ ነው፤ ጠዋት ለሱ፣ ማታ ለኡስማን።»

«ለኡስማን?»

«ምስኪን! በሐዘኑ ላይ ስኳሩ ተነሣበት። የኔ አልቆብኛል ሲለኝ በመርፌ ሞልቼ ላክሁለት።»

ሲራክ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥቶ ጥቂት አየውና መለሰላት።

ይርጉን ከጓሮው እንሰት ሥር ማሰሮው አጠገብ ቁጭ ብሎ አገኘው።

«ነዋል ጥሩ ልጅ ነው» አለ ይርጉ፣ ሳይጠየቅ። «እሱ ሰው አይገድልም። ሰው የገደልኩ እኔ ነኝ።»

ሲራክ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ ጮኸ። «ንገረኝ።»

«ድሮ ነው። ረዳት ነበርኩ። ሹፌሩ ታሞ ቀረ። እኔ፣ ሐጂ፣ ጋሽ ኡስማን፣ ሦስት ሆነን ቡና ጭነን ስንመጣ፣ ኮንጋ መንደር መታጠፊያው ላይ አንዲት ልጅ ገጨሁ። ከለቀማ ስትመለስ። መኪናው በቀኝ ጎኑ ቦይ ውስጥ ተኛ፤ በሩ እጄን በላ።»

«አንተ ነበርክ የምትነዳው?»

«አዎ። ሐጂ መሐል፣ እኔ መሪ ላይ። ይታየኛል እኮ! ዝናቡ፣ ልጅቱ፣ መሪው እጄ ላይ ሲቀዘቅዝ።»

«ያኔውኑ ነው ወይ የታየህ?»

«አይ። ሆስፒታል ስነቃ ምንም አላውቅም። ኋላ ነው ቀስ በቀስ የመጣልኝ።»

ሲራክ ቀና አለ። እነዚህን ቃላት በዚሁ ሳምንት ከሌላ አፍ ሰምቷቸዋል።

ለዚያ አደጋ ይርጉ ታስሮ ወጣ። ሲወጣ ሐጂ ጠርተው ሥራና ክፍል ሰጡት። ሽማግሌ ይዞ ኮንጋ ወርዶ ከሟች እናት ጋር ታረቀ፤ ልጅ ስላልቀረላት በየዓመቱ ቡናዋን እሱ ይለቅምላታል፣ ልጄ ትለዋለች።

«ሐጂ አሟቸው ሳለ ስለዚያ ነገር ያወሩ ነበር?»

«በየቀኑ! ‘ይርጉ ይቅር በለኝ’ ይላል። ‘ልጅቷን አነሷት?’ ይላል። ‘ኡስማንን ከመኪናው አውርዱት፣ ፈቃድ የለውም’ ይላል። እኛ እንስቃለን፤ ጋሽ ኡስማን መሪ አይነካም፣ ሹፌር አለው።»

«ያን ቀን ምሳ ላይ ምን ተወራ?»

«ምንም። ብቻ እኔ ወሬ አመጣሁ፤ የኮንጋዋ እናቴ ነገ ሐጂን ልትጠይቅ ትመጣለች አልኩ። ሱራያ ደስ አለው።»

ኡስማን ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛ ይቀበል ነበር፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ሰው ሁሉ «ደጉ ኡስማን» የሚለው። ሲራክን አቅፎ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ ልጅቷን ተዉልኝ። ለወንድሜ ስትል ያለቀች ልጅ ናት። ምናልባት ወንድሜ ራሱን በራሱ ወግቶ ይሆናል። ማድ ቤት ገብቶ ፍሪጁን ከፍቶ ብልቃጥ ማውጣት አያቅተውም ነበር። እጁ ያውቃል።»

«ብልህ ግምት ነው» አለ ሲራክ። «እርስዎ ያኔ የት ነበሩ?»

«እንደበላሁ ወደ መስጊድ ሄድኩ።»

«መኪና አይነዱም አሉኝ።»

«ዓይኔ ነው፣ ጋሼ። ይኼ ስኳር ያልወሰደብኝ ነገር የለም።»

ሲራክ ያን ማታ መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍቶ አንድ መስመር ሳያነብ እንቅልፍ ጣለው።

በማግስቱ ከሰዓት ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበ። ሱራያ፣ ኡስማን፣ በሩ አጠገብ ይርጉ፤ ነዋል ከአንዲት ሴት ፖሊስ ጋር መጣች። ኮማንደር ወንድይፍራው ሰዓቱን እያየ ከጥግ ተቀመጠ። የሐጂ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም።

«ሁላችሁም ደክሟችኋል፤ እኔም ደክሞኛል። ስለዚህ አላረዝመውም» አለ ሲራክ። ግን አረዘመው፤ እውነት በአጭሩ ሲነገር ሰው ይጠራጠራታልና።

«ነዋል፣ ፍሪጁን ስትከፍቺ ምን አየሽ?»

«መብራቱን። ወተቱን። ብልቃጡን።»

«የምን መብራት?» ሱራያ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «የምን ወተት? ልጄ፣ ፍሪጁ እኮ ባዶውን በበርጩማ ተከፍቶ ነበር! መብራት የት ነበር?»

ነዋል ወደ ማድ ቤቱ በር ዞር አለች። ከዚያ ጣቶቿን አንሥታ አየቻቸው።

«ጠዋት…» አለች ቀስ ብላ። «ጠዋት ከማሰሮው ነው ያወጣሁት። አሸዋው ጥፍሬ ውስጥ ገብቶ ነበር። ታዲያ ይኼ የሚታየኝ መብራት የምን ነው?»

«የሌላ ቀን ነው፤ የብዙ ሌላ ቀን። አንድ ሰው ‘ተነሥተሽ፣ ፍሪጁን ከፍተሽ፣ ወጋሻቸው’ አለሽ። አንቺ ተኝተሽ ስለነበር በዚያ ቦታ ምንም አልነበረሽም። ጭንቅላትሽ ባዶ መተው አይወድም፤ በየቀኑ ካየሽው ፍሪጅ መብራቱንም ወተቱንም አምጥቶ ሞላው። በየሌሊቱ ሲነግርሽ በየሌሊቱ አወጣሽው፤ በወጣ ቁጥር እየረጠበ የሱን ቃል ጠጣ። አንቺ አልዋሸሽም፣ ልጄ። ግን አልሆነም።»

«እሺ፣ ይኼ ልቧን ነው የሚያስረዳው» አለ ኮማንደሩ። «እጇንስ?»

«እጇን ብልቃጡ ያስረዳል። ሐጂን የገደለው ብዙ መድኃኒት ነው ትላለች ሐኪሟ። የሳቸው ብልቃጥ ደግሞ አንገቱ ድረስ ሙሉ ነው። መድኃኒቱ ከሌላ ብልቃጥ መጣ ማለት ነው።»

ሲራክ ውኃ ጠጣ።

«አሁን፣ ታሪኩን የፈጠረው ማን ነው? ሱራያ ብትሆን ፍሪጅ አትልም፤ ራሷ አጥባዋለች። ይርጉም አይልም፤ አሸዋውን የሚያረጥበው እሱ ነው። ታሪኩን የፈጠረው ቤቱን የሚያውቅ፣ ያን ሳምንት ማድ ቤቱን ግን ያላየ ሰው ነው። ወንድ ማድ ቤት በማይረግጥበት ቤት፣ እንግዳ ሆኖ የመጣ ወንድ። ትናንት ድንኳን ውስጥ ‘ፍሪጁን ከፍቶ ማውጣት አያቅተውም’ ብሎ፣ ራሱ ግን ‘እንደበላሁ መስጊድ ሄድኩ’ ያለኝ ሰው።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ ኡስማን ዞሩ። ኡስማን በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ በአንድ ፍሪጅ ሰው ይከሰሳል?»

«በሁለት ብልቃጥ ነው እንጂ። ምሳ ላይ ነዋል አዲስ ከፍታ የወጋችዎት መድኃኒት፣ በዚያኑ ማታ የት ሄደ?»

«ወድቆ ተሰበረብኝ።»

«‘አለቀብኝ’ ነው ያልከኝ እኮ፣ ኡስማን» አለች ሱራያ። ድምፁ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው፤ ከወጣ በኋላ ግን ምን ማለት እንደሆነ ገብቷት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ወንድሜን ለምን እገድላለሁ? እንደ አባት ያሳደገኝን?»

ሲራክ ወደ በሩ ዞረ። ከዚህ በኋላ ያለውን መናገር ከብዶታል።

«ይርጉ፣ ያኔ ሆስፒታል ስትነቃ አልጋህ አጠገብ ማን ነበር?»

«ጋሽ ኡስማን። ሌሊትም አይሄድም። ‘አይዞህ፣ የነዳኸው አንተ ብትሆንም ጥፋቱ የዝናቡ ነው፣ እኔ አልተውህም’ ይለኛል።»

ነዋል ቀስ ብላ ዞረች። «‘አይዞሽ፣ በእንቅልፍ ልብሽ ነው፣ እኔ አልተውሽም’» አለች። «አጎቴ… አየሁሽ ያልከኝ አንተ ነህ። መስጊድ ሄጃለሁ ትላለህ? ታዲያ ስነሣ ከየት አየኸኝ?»

ኡስማን ዓይኑን ወደ ምንጣፉ ጣለ።

«ይርጉ፣ ሦስት ሆናችሁ መኪናው ውስጥ ነበራችሁ» አለ ሲራክ። «ሐጂ መሐል። መኪናው በቀኝ ጎኑ ተኛ፤ የቀኙ በር የአንተን ቀኝ እጅ ቀጠቀጠ። መሪው ደግሞ በግራ ነው። አንተ በቀኝ በር በኩል ከነበርክ፣ መሪ ላይ የቀረው ማን ነው?»

ይርጉ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ሽባ ቀኝ እጁን በግራው አንሥቶ፣ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ፣ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ደጋግሞ አየው።

«ሐጂ ያውቁ ነበር» ሲል ቀጠለ ሲራክ። «ለወንድማቸው ብለው ሆድ ይፍጀው አሉ። ግን መርሳቱ መጣ። የረሱት ምስጢሩን አልነበረም፤ ምስጢር መሆኑን ነው የረሱት። በየቀኑ ‘ኡስማንን አውርዱት’ ሲሉ ሁላችሁም ሳቃችሁ። የሟች እናት ብትሰማ ግን አትስቅም ነበር። እሷ ደግሞ በማግስቱ ልትመጣ ነበር። ኡስማን ይኼን ምሳ ላይ ሰማ። ነዋል ተኛች፤ ሱራያ ከጓሮ ነበረች፤ ይርጉ በር ላይ። አዲሱ ብልቃጥ ኪሱ ውስጥ ነበር። መርፌ አሳያቸው፤ ሐጂም እንደ ልማዳቸው እጅጌያቸውን ጠቀለሉለት።»

ይህን ሲሰማ ነው ኡስማን የተሰበረው። ጩኸት አልነበረውም፤ ብዙ ጊዜ የቆመ ሰው እንደሚቀመጥ ነበር።

«‘አመሰግናለሁ ልጄ’ አለኝ» አለ። «ነዋል መስዬው። … እናንተ አታውቁትም። እኔ ነገሩን ከቀበርኩት ስንት ዓመቴ ነው። ለሱ ግን ሁልጊዜ ያች ከሰዓት ናት። በሩን በከፈትኩ ቁጥር ‘ልጅቷን አነሷት?’ ይለኛል፤ እንደ አሁን፣ እንደ ትኩስ። ደከመኝ። አላህ ይየው፣ ደከመኝ።»

ሱራያ አላለቀሰችም። ተነሥታ የባሏን ባዶ ወንበር ወደ ግድግዳው አዞረችውና ወጣች።

ኡስማንን ሲወስዱት ዝናቡ አባርቶ ነበር። ነዋል ደረጃው ላይ ከሲራክ ጎን ተቀመጠች፤ ጣቢያ ሳትቆርሰው የቀረችውን ዳቦ ከሻርፗ አውጥታ ቆረሰች።

«አሁንም ይታየኛል፣ ጋሼ። እንዳልሆነ እያወቅኩ መብራቱ ፊቴ ላይ ይበራል።»

«ይበራ ይሆናል፤ ላይጠፋም ይችላል። አልዋሽሽም» አላት። «ግን ሲበራ ያንቺ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። መጀመሪያ ግን ተኚ። ሌላውን ሁሉ ከእንቅልፍ በኋላ።»

ይርጉ በሩን ሳይዘጋ ቆሞ ነበር። «ኢንስፔክተር» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። «የኮንጋዋ እናቴ አሁን ምን ትሆናለች? እኔ ልጇን አልገደልኩም ማለት ነው። ታዲያ ምኗ ነኝ?»

ሲራክ ብዙ ዓመት ሰው ሰምቷል፤ ይኼን ጥያቄ ግን ለላይኛው ሰሚ ተወለት።

ይርጉም መልስ የሚጠብቅ አይመስልም ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የለቀማ ቅርጫት በግራ እጁ አወረደ፤ ውስጡን መታ መታ አድርጎ አቧራውን አራገፈ።

«ቡናዋ ቀልቷል» አለ። «ነገ እወርዳለሁ። ከሩቅ ስታየኝ ልጄ መጣ ትላለች። ልጄ ማለቱን ለሷ ማንም አልነገራትም፤ ከገዛ ልቧ ነው።»